የተረፈውን ማን ይቁጠረው?

ነፋስ ስልክ ውስጥ የአንድ ሕንፃ በር የሚጠብቁ አባት አሉ። ልጅነታቸውን ጎጃም ውስጥ በአብነት ትምህርት ቤት አሳልፈዋል። ሲቀጠሩ የተሞላላቸው ቅጽ ግን «የትምህርት ደረጃ» በሚለው ቦታ ላይ «ያልተማረ» ይላል።

አንድ ማታ ልጃቸው የሒሳብ የቤት ሥራ ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ። አንድ ትልቅ ቁጥር መርጦ አካፋዮቹን መፈለግ ነበረበት።

«አባዬ፣ እስኪ አንድ ቁጥር ይስጡኝ።»

«7518» አሉት፣ ሳያመነቱ።

ልጁ ሠራው። 7518 ተጋማሽ ነው። 2፣ 3፣ 7 እና 179 ሲባዙ ይገኛል። 16 አካፋዮች አሉት፤ ራሱን ትተን 15ቱ ሲደመሩ 9762 ይሆናሉ፣ ከቁጥሩ ይበልጣሉ። የጥንት ግሪኮች እንዲህ ያለውን ቁጥር «የተትረፈረፈ» ከሚሉት ወገን ይመድቡት ነበር።

«አሁን ደግሞ በ19 ግደፈው» አሉት አባት። ልጁ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «395.68» አለ።

«ስልክህ ዋናውን ነገር ፈጨብህ። እኔ የጠየቅሁህ ስንት ተረፈ ነው።»

የተረፈው 13 ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚፈልገውም እሱን ነው። 7518 ማለት 5500 ዘመነ ብሉይ ሲደመር 2018 ዓመተ ምሕረት፣ ማለትም ዓመተ ዓለም ነው። በ4 ሲገደፍ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ለ4 ሲካፈል የደረሰው 1879 በ7518 ላይ ተደምሮ በ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል፤ ከማክሰኞ ተነስቶ ሲቆጠር መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ።

ከ13ቱ አንዱ ሲቀነስ ወንበር 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይሆናል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4። 4፣ 7 እና 19 ሲባዙ 532 ይሆናሉ፤ የ2018 ዓ.ም. አወጣጥ እንዳለ የሚመለሰው በ2550 ዓ.ም. ነው።

አባት ይህን ሁሉ የሠሩት በጣታቸው ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ይቅር የሚል የለም። ልጁ ያወጣቸው 16 አካፋዮችም እውነት ናቸው። ነገር ግን ተማሪ ቀሪን ሲማር የገዛ አገሩን የቀን መቁጠሪያ በምሳሌነት ቢያገኝ ምን ይጎዳል? ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰውስ «የአብነት ትምህርት» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምር ስንት ወረቀት ይፈጅበታል?

የዓመቱን በዓላት ያለ መጽሐፍ የሚያወጣን ሰው «ያልተማረ» ብሎ የመዘገበ ቅጽ የሠራው ስህተት ስልኩ ከሠራው አይለይም። ማካፈሉን ያውቃል፤ የተረፈውን የሚጽፍበት ቦታ ግን የለውም።