ከአራዳ ወደ ድሬዳዋ፤ ቤተ ሰብን ወደ ቆላ ስለ ማዛወር

ቤትን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ማዛወር ለመንግሥት ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሰውየው ብቻውን ሲሄድ ነገሩ የአንድ ሻንጣና የአንድ አልጋ ጉዳይ ነው፤ እናት፣ ሚስትና ልጆች አብረው ሲነሡ ግን የጎረቤት፣ የውኃ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ነገር ሁሉ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ መውረድ ይገባል ወይስ አይገባም በማለት በቤታችን የተመካከርንበትን ለክቡራን አንባብያን ልናካፍል ወደድን። እንዲህ ያለ ምክር የያዘ ቤት ሁሉ ከዚህ የሚጠቅመውን ይወስድ ይሆናል።

አዲስ አበባ ራሷ የዝውውር ልጅ ናት። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ባይወርዱ፣ እቴጌም በ1879 ዓ.ም. ስም ባያወጡላት ኖሮ፣ አራዳ የሚባል ሰፈር ባልኖረ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ማገዶ እያለቀ ስለ ሄደ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ዠምረው ነበር። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በቶሎ ስለ በቀለ ከተማዪቱ በቦታዋ ጸናች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚህ ታሪክ ለማንኛውም ቤት የሚሆን አንድ ጥያቄ ይወጣል፤ የጎደለን ነገር ወደ እኛ ሊመጣ ይችላልን? ወይስ እኛ ወደ እርሱ መሄድ ይገባናል? ማገዶ ወደ ከተማው ሊመጣ ቻለ፤ ሁሉ ነገር ግን እንደ ማገዶ አይደለም።

አራዳም ብትሆን ባለችበት የቆመች ሰፈር አይደለችም። ጥንት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ታላቁ ገበያ ይቆም ነበር፤ የሕንዱ፣ የአርመኑ፣ የግሪኩና የየመኑ ነጋዴ ሱቅ በዙሪያው ተሰልፎ ነበር። ከዚህም የተነሣ ዐይኑ የተከፈተውን፣ በቀላሉ የማይታለለውን ሰው «አራዳ» ማለት ልማድ ሆነ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶ ሲለው፣ ለቀድሞው ሰፈር ደግሞ ፒያሳ የሚል ስም ትቶለት ሄደ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚሁ በፒያሳ ተመረቀ፤ ወዲያውም በኮሪደር ልማት ምክንያት በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፋ፤ ነዋሪዎቹም በከተማው ዳርቻ ወደ ተሠሩ መኖሪያዎች ሄዱ። የእኛ ቤት በመሥመሩ ውስጥ ስላልገባ ቀረ። ነገር ግን እናታችን ከ40 ዓመት በላይ ቡና ሲጣጡ የኖሩት ጎረቤቶቻቸው ወደ አራት አቅጣጫ ተበተኑ። አንድ ቀን የጀበናውን ክዳን እያነሡ እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ እኔ ሳልነሣ ሰፈሬ ተነሥቶ ሄደ። እንግዲህ ብሄድም ብቀርም እንግዳ ነኝ።»

የሥራው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድሬዳዋ እንደ አዲስ አበባ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት፤ ቻርተሯም በ1996 ዓ.ም. ወጥቶላታል። የፌዴራል ፍርድ ቤትም በሁለቱም ከተሞች ያስችላል። ስለዚህ ለፍርድ ቤት ጸሐፊ በዚያ ቦታ ሲገኝ ሥራው ያው ሥራ፣ የሥራው ቋንቋም ያው አማርኛ ነው። ደመወዙ ጥቂት ይሻላል፤ የቤት ኪራዩም ከአዲስ አበባው ይቀላል። በወረቀት ላይ ስናሰላው መሄዱ ያለ ክርክር የሚረታ መሰለን።

ባለቤታችን ግን ሒሳቡን አንብባ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችን። ቀጥላም «ድሬዳዋ ምን ያህል ይሞቃል ብለህ አትጠይቅ፤ በስድስት ሰዓት ቤት ውስጥ የሚውለው ማን ነው ብለህ ጠይቅ። አንተ ከማራገቢያ ሥር ትቀመጣለህ፤ እሳት አጠገብ የምንቆመው እኛ ነን» አለች። ይህን መቃወሚያ የሚያፈርስ ቃል አላገኘንም። እርስዋም አንድ ፍርድ ሰጠች፤ ከተማይቱን ሙቀት በሚበረታበት በግንቦት፣ እናታችንን ይዘን ሄደን እንድናያት። ድሬዳዋን በጥር የጎበኘ ሰው ድሬዳዋን አየሁ ሊል አይችልምና ነገሩን ተቀበልን።

ከመሄዳችን በፊት የሚታወቀውን ሁሉ ሰበሰብን። ደገኛ ሰው «በረሃ» ሲል ሞቃቱን ቆላ ሁሉ ማለቱ ነው፤ በመጽሐፍ አነጋገር ግን ድሬዳዋ ዝናብ የሚያንሳት ከፊል በረሃማ አገር ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ስትሆን ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ናት፤ ይህ ማለት ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ከፍታው በእኩሌታ ይቀንሳል ማለት ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል። በአሜሪካ አሪዞና ያለችው የፊኒክስ ከተማ በ2015 ዓ.ም. ክረምት 31 ቀን በተከታታይ 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት አይታለች፤ በዚያች አውራጃ በዚያ ዓመት በሙቀት ምክንያት ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በቤታቸው ውስጥ ከሞቱትም አብዛኞቹ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አልነበራቸውም። የድሬዳዋ ሙቀት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ነው። በሙቀት አገር ሰውን የሚያድነው ወይም የሚጎዳው የሚኖርበት ቤት ነው።

መንገዱ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ አልፎ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ይታያል፤ ከአዋሽ በኋላ ጢሻው እየሳሳ ሄዶ ወዲያው ዳገቱ ይዠምራል። በጭሮና በሂርና በኩል ስናልፍ አየሩ እንደ አራዳ ቀዝቃዛ ስለ ነበረ እናታችን ጋቢያቸውን ደርበው «ይህ ነው እንዴ በረሃችሁ?» አሉ። ደንገጎ ደርሰን ቁልቁል መጠምዘዝ ስንዠምር ግን የነፋሱ ጠባይ ተለወጠ፤ ጋቢው ታጠፈ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ድሬዳዋ በሜዳው ላይ ተዘርግታ ታየች።

ይህች ከተማ ለአራዳ ባዳ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከዚህ ደርሶ ቆመ፤ እስከ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ዕቃው ከዚሁ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይጫን ነበር። የአራዳ ሱቆች ያሸጡት ጨርቅና ዕቃ ብዙው በድሬዳዋ በኩል ያለፈ ነው። የባቡር ኩባንያው የቀየሰው የከዚራ ሰፈር መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የሰጠ ነው፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላና የቀፊራ ገበያ አሉ። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለ ተሠራ አሮጌው ጣቢያ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ነገር ግን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና ተመርቆባታልና የንግድ በሩ አልተዘጋም።

በዚያ ስድስት ቀን ተቀመጥን። የቤት ሥራ በሙቀት አገር እንዴት እንደሚለወጥ ባለቤታችን ልብ ብላ አየች። በአራዳ ሦስት ቀን የሚቆይ ሊጥ በዚያ ፈጥኖ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ እንጀራው ጎሕ ሲቀድ ይጋገራል። ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፤ ሰውም ያርፋል፤ ከተማው ዳግመኛ ነፍስ የሚዘራው ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ነው። ሴቱ ስስ ድሪያ፣ ወንዱ በቤቱ ሽርጥ ይለብሳል። ይህ ሁሉ ስንፍና መስሎ ለሚታየው ደገኛ እንዲህ እንላለን፤ በቆላ አገር ሰዓትን ከፀሐይ ጋር ማስታረቅ የቤት አስተዳደር መዠመሪያው ነው።

ውኃው ከከርሰ ምድር የሚወጣና ካልሲየም የሚበዛበት ስለ ሆነ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ይህ የሚለመድ ነው። የሚያሳስበው ውኃ የሚጠራቀምበት በርሜል ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ የሚባለው የትንኝ በሽታ በከተማው ብዙ ሰው አስተኛ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ በበጋ ወራት ተነሣ። ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት የኋለኛውን ያመጣችው ከእስያ የመጣች፣ በረግረግ ብቻ ሳይሆን በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥም የምትራባ የወባ ትንኝ ናት። ስለዚህ ክዳን የሌለው በርሜል በዚያ ቤት ውስጥ ጠላት ነው። አጎበርና ክዳን በማዛወሪያው ወጪ ውስጥ ከአልጋው ቀድመው መጻፍ ይገባቸዋል።

ሦስተኛው ነገር ደቻቱ ነው። በግንቦት ስናየው አሸዋ ብቻ ነበር፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሰው ተሻግሮ ገበያ ይሄዳል። ነገር ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ በዚሁ ደረቅ አሸዋ ላይ መጥቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ወሰደ። የደረቀ ወንዝ የሞተ ወንዝ አይደለም። የቤት ኪራዩ እጅግ የረከሰበትን ስፍራ ባየን ጊዜ ባለቤታችን ወደ ወንዙ አሻግራ ተመለከተችና ዋጋውን ሳትጠይቅ ተመለሰች።

እናታችን ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ይመረምሩ ነበር። በከዚራ በዛፍ ጥላ ሥር ሎሚ የምትሸጥ ወጣት «እናቴ፣ ደክሞሻል፤ ነይ እዚህ ተቀመጪ!» ብላ ጠራቻቸው። በአራዳ ሽማግሌን «አንቺ» ማለት ነውር ስለ ሆነ እኛ ደነገጥን፤ በድሬዳዋ ግን ታላቁንም ታናሹንም በዚህ አነጋገር መጥራት የፍቅር ልማድ ነው። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ተቀመጡ። ወደ ማታ ስናገኛቸው የሎሚ ሻጭዋን እናት ስም፣ ልጅዋ የሚማርበትን ትምህርት ቤትና በሰፈሩ ያለውን የዕድር ቀን ያውቁ ነበር። «ገና ስሜን ሳልነግራት ልጅ አደረገችኝ» ብለው ሳቁ። የጉልበታቸውም ቁርጥማት በዚያ ሳምንት ፋታ ሰጥቶአቸው ነበር። ቀትሩ ግን ከበዳቸው፤ ሐኪማቸውም ውኃ እንዲያበዙ፣ በቀትር ከጥላ እንዳይወጡ አስቀድሞ አዝዞአቸዋል።

ከተመለስን በኋላ ጉባኤ አደረግን። በመዠመሪያው ጥያቄ ተመዘንን፤ የጎደለን ነገር ወደ አራዳ ሊመጣ ይችላልን? ደመወዝ በጊዜው ሊጨመር ይችላል። መንገዱ አምሯል፤ መብራቱም በርቷል። የእናታችን የቡና ማኅበር ግን ተመልሶ በአንድ ግቢ አይሰበሰብም። የሚመጣ ባለመሆኑ መሄድ የሚገባን እኛ ነን። ወደ ድሬዳዋ የሚወስደን የሙቀቱ ምቾት ወይም የደመወዙ ብልጫ ሳይሆን አንዲት አሮጊት ዳግመኛ ጎረቤት የምታገኝበት ደጅ ነው።

እንደኛ ለሚያስብ ቤት አራት ነገር እንመክራለን። አገሩን በክፉ ወራቱ ሂደህ እይ። ቤቱን ስትመርጥ ከኪራዩ በፊት የጣሪያውን ከፍታ፣ የነፋሱን አቅጣጫና ከወንዙ ያለውን ርቀት መርምር። ልጆች ያሉህ እንደ ሆነ ከትምህርት መዝጊያ በፊት አትንቀል፤ በድሬዳዋ ልጅ ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በጎዳናው ላይ ይማራልና ይህንም ከትርፉ ቍጠረው። ከሁሉ በላይ ግን የመጨረሻውን ቃል ቀኑን በቤት ለሚውለው ሰው ስጥ፤ ሙቀቱን የሚሸከም እርሱ ነውና።

በቤታችን የመጨረሻውን ቃል የሰጡት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ባለቤታችን ከደቻቱ የራቀ፣ በረንዳ ያለውና የውኃ ማጠራቀሚያው የተከደነ ቤት እስኪገኝ ድረስ ዕቃ እንዳይታሰር አዘዘች፤ ቤቱም ተገኝቷል። እናታችንም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን ለአራዳ ጊዮርጊስ ክብረ በዓል እንድናመጣቸው። የመመላለሻውን ዋጋ በዓመቱ ወጪ መዝገብ ከኪራዩ ቀጥሎ ጽፈነዋል።