ስንት ቀረሽ?

ጉበቴ ውስጥ ያለው የጉበት ካንሰር አይደለም። ይህንን ለሰው ማስረዳት ራሱ ያደክማል። ከጡቴ የተነሡ ሴሎች ናቸው በደም ተጉዘው ጉበቴ ላይ የሰፈሩት፤ ቦታ ቢቀይሩም ያው የጡት ካንሰር ናቸው፣ የምወስደውም የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ጎረቤቶች ግን «ጉበት» ሲባል ሐሳባቸው ወደ አረቄ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ ጠላ እንኳ የምቀምሰው ለበዓል ነው!

ከአራት ዓመት በፊት፣ ገና ጡቴ ላይ ብቻ እያለ፣ የወሰድኩት ቀዩን ነበር፤ ዶክሶሩቢሲን። ሽንት ሳይቀር ያቀላል፤ ነርሷ ቀድማ ባትነግረኝ ደም መስሎኝ እጮህ ነበር። ያኔ ግን መጨረሻው ይታወቃል። ዙሩን ቆጥረን ጨረስን፤ እማዬም ድፎ ዳቦ ደፍታ ጎረቤት ጠራች።

አሁን ፓክሊታክሴል ነው። ሦስት ሐሙስ እወስዳለሁ፣ አራተኛውን አርፋለሁ። ቀድሞ ደም ይመረመራል፤ ነጭ የደም ሴሌ በጣም ከወረደ መድኃኒቱ ይተላለፋል። ቢሊሩቢንም ይታያል፤ መድኃኒቱን ከሰውነት የሚያስወግደው ያው የታመመው ጉበት ስለሆነ፣ እሱ ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል። የሚታከመውም እሱ፣ የሚሠራውም እሱ።

ፀጉሬ እንደገና ሄደ፤ አልገረመኝም። የከበደኝ የጣቶቼ መደንዘዝ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። የጋለ ጀበና ሳይታወቀኝ ስይዝ እማዬ ካየች ወዲህ ቡናውን አታስነካኝም። ጥሬ ክትፎም ተከልክያለሁ። ለጉራጌ ልጅ ይሄ ቀላል ፍርድ አይደለም።

ወደ ጉበቴ መዛመቱን ሐኪሟ መጀመሪያ የነገረችው ለወንድሜ ነው፣ ኮሪደር ላይ አቁማ። ሲመለስ ፊቱን አይቼ ገባኝ። እሱ ደግሞ ለእማዬ «ትንሽ የቀረ ነገር አለ፣ እሱን ሊጨርሱላት ነው» አላት። ስለዚህ በየሐሙሱ ገና ከበር «ስንት ቀረሽ?» ትለኛለች። «ትንሽ» እላለሁ።

ባለፈው ወር ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ጉበቴ ላይ ያሉት ነጥቦች አንሰዋል። ሐኪሟ «እየሠራ ነው፤ እንቀጥላለን» አለችኝ።

«እስከ መቼ?»

«እስከሠራና ሰውነትሽ እስከቻለው። ከዚያ ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን።»

የዚያን ቀን ማታ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ነገርኳት። «እማ፣ ይሄኛው የሚያልቅ አይደለም። እስካለሁ ድረስ ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ብዙ ዝም አለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣

«እንጀራ የምጋግረው ሐሙስ ነበር» አለች። «ሽታው እንዳያቅለሸልሽሽ ወደ ረቡዕ አዞረዋለሁ።»