ለማን ነው?

ሰሞኑን ገበያ ወጥተን ነበር። "ሴቶች ገበያ ወጡ ማለት ደግሞ ምኑ ነው ወሬ?" እንዳትሉን። አብሮን የወጣው ወንድ ነው፤ ስንገዛ የዋልነው ለእሱ ነው፤ የገዛንለት ደግሞ ቀሚስና ባለ ታኮ ጫማ ነው።

ተረጋጉ፤ ከሥሩ እንንገራችሁ።

ሰውየው ጓደኛችን ነው። ስሙን፣ ሰፈሩንና ሥራውን አንነግራችሁም። ጢሙን በየጠዋቱ የሚላጭ፣ ዕቁብ የሚጥል፣ ኳስ ሲኖር ስልክ የማያነሳ፣ እናቱን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ፣ እንደማንኛችሁም ያለ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ እኛ ሦስታችን የተከራየነው ቤት ቡና ሊጠጣ መጥቶ፣ አቦል አለፈ፣ ቶና አለፈ፣ በረካው ላይ ነገረን። ከልጅነቱ ጀምሮ፣ በሩን ቆልፎ ብቻውን ሲሆን የሴት ልብስ ይለብሳል። አንድ ሁለት ሰዓት ለብሶ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ መጽሐፍ ያነባል፣ አውልቆ አጥፎ ያስቀምጣል። በቃ።

እኛ ጥያቄ አናጣም። "ሴት መሆን ትፈልጋለህ?" አልነው። "አይ" አለ። "ወንድ ትወዳለህ እንዴ?" አልነው። ሳቀና "የምወዳትን ልጅ ታውቋታላችሁ" አለን። እውነትም እናውቃታለን። ልብስ ሌላ፣ ፍቅር ሌላ መሆኑ የገባን ከጠየቅነው በኋላ ነው። "ታዲያ ለምን?" ስንለው መልሶ ጠየቀን፦ "እናንተ የበዓል ቀን ቀሚሳችሁን ስትለብሱ ለምን ደስ ይላችኋል?" ሦስታችንም ዝም አልን። ደስ ይለናል፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አስረድተን አናውቅም። ጠይቆን የሚያውቅም የለም።

ከእኛ የፈለገው ቀላል ነገር ነበር፤ ገበያ አብረነው እንድንወጣ።

"ብቻህን ብትወጣስ?" አልነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በእኛ ከተማ ሱቅ ገብቶ ዝም ብሎ ገዝቶ መውጣት የለም። ሻጯ ገና ሰላም ሳትል "ለማን ነው?" ትላለች። ከዚያ "ቁጥሯ ስንት ነው? ቀይ ናት ጠይም? ወፍራም ናት ቀጭን?" ትቀጥላለች። ክፋት የለባትም፤ ልትረዳ ነው። ጓደኛችን ግን ለዚህች አንዲት ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ነው ዕድሜው ያለቀው። ለእህቴ ብሏል። (እህት የለውም።) ለሚስቴ ብሏል። (ሚስት የለውም።) ለመሥሪያ ቤት ልጅ የልደት ስጦታ ነው ብሏል። አንድ ጊዜማ ሻጯ "አምጣትና ትለካው፣ እንቀይርላታለን" ብላው፣ የሌለች ሚስቱን ላለማምጣት ሲል ያንን ሱቅ ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ቀይሯል።

መለካት አይችልም። ይህን እስቲ አስቡት። እኛ አንዲት ሱሪ ለመግዛት ሰባት እንለካለን፤ ሰባቱንም ትተን እንወጣለን። እሱ በዓይኑ ገምቶ፣ ከፍሎ፣ ቦርሳው ውስጥ ወሽቆ፣ ቤቱ ደርሶ፣ በር ቆልፎ ነው የማይበቃው መሆኑን የሚያውቀው። መመለስ ደግሞ አይታሰብም።

ጫማው ከሁሉ ይብሳል። ቁጥሩ 43 ነው። የአውሮፓ የጫማ ቁጥር ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ከአንዱ ቁጥር እስከሚቀጥለው የሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። የአሜሪካው ግን ይለያያል፦ የወንድ 10 የሚያደርግ ሰው የሴት ሲገዛ 11 ተኩል ገደማ መፈለግ አለበት። የዞርንባቸው ሱቆች የሴት መደርደሪያ አብዛኛውን ጊዜ 41 ላይ ያልቃል። ጓደኛችንም ለዓመታት 41 ገዝቶ እግሩን እየጠቀጠቀበት፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ ታኮ ራሱ የሴት ሆኖ አለመጀመሩ ነው። የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት ወደ አውሮፓ የገባው ከፋርስ ፈረሰኞች ነው፤ እግራቸው ከእርካቡ እንዳይንሸራተት ይረዳቸው ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም በቀይ ታኮ ቆሞ ሥዕል ተሥሏል። ይህንን ለጓደኛችን ስንነግረው "እሱ ለማን ነው ብሎ የሚጠይቀው አልነበረማ!" አለ።

ስለዚህ መርካቶ ወረድን፤ ሰልባጅ ተራ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሰልባጁ የሚመጣው ረጃጅም ሴቶች ካሉበት አገር ነው። ክምሩን መፈልፈል ነው እንጂ 43 አይጠፋም። እኛ ፊት ፊት፣ እሱ እንደ ሰልቺ ወንድም ከኋላ። ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላ ጥቁር፣ ታኮው ወፍራምና አጭር የሆነ ጫማ ከክምሩ ሥር ወጣ። (ወፍራም ታኮ ይሻላል፤ ክብደት ይችላል፣ ቁርጭምጭሚት አያጥፍም።) ሻጩ ልጅ ጫማውን አገላብጦ "ይሄ ለማን ነው?" አለ።

"ለእህቱ" አልን በአንድ ድምፅ።

"በስመአብ! እህቱ ቅርጫት ኳስ ነው እንዴ የምትጫወተው?"

ሳቅን። እኛ ከልባችን ሳቅን። ጓደኛችንም ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ ግን ከእኛ ቀድሞ አለቀ።

አሁን የምናፍርበትን እንንገራችሁ። ያ ሳቅ መርካቶ አልቀረም። በሳምንቱ ከድሮ የክፍል ጓደኞቻችን ጋር ካፌ ተቀምጠን፣ ጨዋታው ሲቀዘቅዝ፣ ከእኛ አንዷ "43 ቁጥር ታኮ የሚገዛ ወንድ እናውቃለን" አለች። ሌሎቻችን አላስቆምናትም። እንዲያውም አንዷ ቅርጫት ኳሱን ጨመረችበት። ስም አልጠራንም። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። በሦስተኛው ቀን ወሬው ዞሮ እሱ ጋ ደረሰ፤ ማን ሊሆን እንደሚችል ግምት ተጨምሮበት።

አልተቆጣም። ስልክ ማንሳት ብቻ አቆመ፤ ለሁለት ወር።

ጋዜጠኝነት ስንማር አራት ዓመት ሙሉ "ምንጭህን ጠብቅ" ሲባል ከርመናል። ፈተናም ተፈትነንበታል፤ ጥሩ ውጤትም አምጥተናል። ምንጫችንን ግን በአንድ ማኪያቶ ሸጥነው። ዛሬ በየሰው ኪስ ያለው ስልክ ሁሉ ካሜራ ነው። አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ ሰውን ከሥራው፣ ከተከራየው ቤት፣ ከእናቱም ልታጣላው ትችላለች። ይህን እያወቅን "ስም አልጠራንም" ብለን ራሳችንን አጽናናን። ቁጥር 43 ግን ስም ነው።

በእነዚያ ሁለት ወራት አንድ ነገር ስናብላላ ከረምን፦ ለመሆኑ ምኑ ነበር ያሳቀን? እኛ እኮ የወንድሞቻችንን ጃኬት እንለብሳለን። ከወንዶች መደርደሪያ ሸሚዝ እንገዛለን፤ ቁልፉ በቀኝ በኩል ሲሆን ግራ ከመጋባታችን በቀር ምንም አንሆንም። "ለማን ነው?" ስንባል "ለራሴ" እንላለን፤ "ያምርብሻል" እንባላለን። እርግጥ ለእኛም ሁሌ እንዲህ አልነበረም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት የተማሪ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ አጭር ቀሚስ ነው። ለጓደኛችን ዓይነቱ ሰው የሚጠቀሰው ዘዳግም 22፥5 ራሱ የሚጀምረው ከሴቷ ነው፤ የወንድ ልብስ የለበሰችውን ነው የሚያስቀድመው። ዛሬም ሱሪ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን አንገባም፤ መንገድ ላይ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየንም።

የወንድ ልብስ ለብሳ በገዳም የኖረችው ቅድስት እንባ መሪናም በስንክሳር ትታሰባለች። ያልወለደችውን ልጅ "አስወልደሃል" ተብላ ተከሳ፣ እውነቱን ሳትናገር ልጁን አሳደገች፤ ሴት መሆኗ የታወቀው ስትሞት ነው። ወንድስ? ወንድ ለመድረክ ሲሆን ተፈቅዶለታል። በአገራችን የቴአትር ጅማሬ ሴቶች መድረክ ሳይወጡ በፊት የሴቷን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ በጃፓን ካቡኪም ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1629 ከተከለከሉ ወዲህ የሴቷን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። ለሳቅና ለጥበብ ሲሆን ይጨበጨባል። ለራሱ ሲሆን ግን ውርደት ይባላል።

ለምን? እኛ የደረስንበት ይህ ነው፦ እኛ የወንድ ስንለብስ ወደ ላይ የወጣን ይመስላል፤ እሱ የሴት ሲለብስ ወደ ታች የወረደ። ጎበዝ ሴት "ወንድ ናት" ተብላ ትመሰገናለች። ፈሪ ወንድ "ሴት ነህ" ተብሎ ይሰደባል። ያ የመርካቶ ሳቅ በእሱ ላይ የሳቅነው መስሎን ነበር። በራሳችን ነው የሳቅነው፤ ሴት መምሰል የሚያሳፍር ነገር ነው ብለን፣ ሦስት ሴቶች ቆመን።

ይቅርታ ልንጠይቀው ሄድን። ብዙ አልተናገርንም፤ ብዙም አላስለመነንም። "ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ትወስዱኛላችሁ" አለን። የአገር ልብስ ቀሚስ ኖሮት አያውቅም።

ሽሮ ሜዳ ጥሩ ነገር አለው፤ የሸማኔ ሰፈር ስለሆነ በልክ ይሠራል። የገባንበት ሱቅ ባለቤት በእናቶቻችን ዕድሜ ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ጥለት መረጥን። እሳቸውም እንደ ወጉ "ለማን ነው?" አሉ።

"ለእህቴ" አለ ጓደኛችን።

"ልኳን ይዘሃል?"

አልያዘም። "ቁመቷ እንደ እኔ ነው" አለ።

"ትከሻዋስ?"

"እሱም እንደ እኔ ነው።"

ሴትየዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ጓደኛችንን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ እኛንም አዩን። እኛ መሬት መሬት አየን። ከዚያ ሜትራቸውን አነሱና "እንግዲያው ቁም፣ አንተን ልለካ" አሉ። ደረቱን፣ ወገቡን፣ የእጁን ርዝመት ለክተው በደብተራቸው ጻፉ። ምንም አልተለወጠም ድምፃቸው። "ትከሻዋ ሰፊ ስለሆነ ጥለቱን አንገቷ ላይ አላበዛውም፤ ያገዝፋታል። ወደ ጫፉ ላውርደው። ከወገቧ በታች ደግሞ ሰፋ ላድርገው፤ ዳሌ ይሰጣታል" አሉ። ነጠላውንም ትከሻ ላይ እንዴት ብትጥለው እንደሚያምር አሳዩት።

ዋጋ ላይ ትንሽ ተከራከረ። ያኔ ነው ሴትየዋ እጁን በሜትሩ መታ አድርገው "ተዪ አንቺ! አትጨቅጭቂኝ" ያሉት።

እናቶች ወንድ ልጃቸውን ሲያቆላምጡ "አንቺ" ይላሉ። እኛንም በየቤታችን "አንተ"፣ "ና እስቲ"፣ "ጎረምሳው" እያሉ ነው ያሳደጉን። አማርኛችን ሲወድ ልብስ ይለዋወጣል፤ ማንም አይደነግጥም። እና ሴትየዋ ያንን ብለው ይሆናል። ሌላም ብለው ይሆናል። ጓደኛችን ክርክሩን ትቶ ቀብዱን ከፈለ። ሲወጣ ዓይኑን በእጁ እንደ አቧራ ጠረገ፤ ሽሮ ሜዳ ያን ቀን አቧራ አልነበረም።

ምን ማለታቸው እንደነበር ተመልሰን ሴትየዋን አልጠየቅናቸውም። እኛ ጥያቄ የማናጣው ሰዎች!

ይህን ጽሑፍ ከእናንተ በፊት ያነበበው እሱ ነው። ሦስት ቦታ አሰርዞናል፤ ሰርዘናል። ቀሚሱ ለበዓል ይደርሳል ተብሏል። ከእኛ አንዷም አብራ አንድ አሰፍታለች። ደብተሩ ላይ ሁለቱም በተከታታይ ተጽፈዋል፤ ልክ አላቸው፣ ቀብድ አላቸው፣ "ለማን" የሚል ቦታ ግን የላቸውም።

ቸር እንሰንብት።