ስንት ነው የሚከፍሉሽ?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አብሯችሁ የሚሠራው ሰው በሰዓት ስንት እንደሚያገኝ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችሁ «ኧረ ምን አገባኝ!» እንደምትሉ እገምታለሁ። የሰው ደሞዝ መጠየቅ ለእኛ ነውር ነዋ። ቡና ላይ የጎረቤት ትዳር ይወራል፣ የአገር ቤት ፖለቲካ ይተነተናል፤ ደሞዝ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወዳጄ እኔ ቤት ቡና እየጠጣን ይህን ነውር ሰበረችው። ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። አብራት የምትሠራው ልጅም እዚያው ተቀምጣ ነበር። «እኔ የምልሽ፣ ስንት ነው የሚከፍሉሽ?» አለቻት ድንገት። ልጅቷ ሲኒዋን እንደያዘች ዝም አለች፤ ከዚያ ተናገረች። በአንድ ሕንጻ፣ በአንድ ፈረቃ፣ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ የሁለት ዶላር ልዩነት ተገኘ። ያነሰው ደግሞ የጠያቂዋ ነው፤ እዚያ ስድስት ዓመት የቆየችው እሷ ሆና! በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ በዓመት ከ4,000 ዶላር በላይ ነው።

«ስለ ደሞዝ እንዳታወሩ ተብለናል እኮ» አለች ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች። እንዲህ ያለው ክልከላ ሕግ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የፌዴራል የሥራ ግንኙነት ሕግ አብዛኞቹ የግል ድርጅት ሠራተኞች ስለ ክፍያቸው እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ይፈቅዳል። በዋሽንግተን ስቴት ደግሞ በ2018 የወጣው የእኩል ክፍያ ሕግ አለ፤ አሠሪው ደሞዙን የተናገረን ሠራተኛ መቅጣት አይችልም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ የክፍያውን መነሻና ጣሪያ መጻፍ ግዴታው ነው። ሁለቱ ሴቶች እዚያው በስልካቸው የራሳቸውን መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ፈልገው አገኙት። የወዳጄ ደሞዝ አዲስ ለሚቀጠር ሰው ከተጻፈው መነሻ በታች ነበር! ስልኩን ይዘው አብረው አለቃቸው ዘንድ ገቡ። ከሚቀጥለው ቼክ ጀምሮ ተስተካከለላት፤ ያለፈውን ግን ማንም አልመለሰላትም።

የሁለት ሴቶች ወሬ ነው እንዳትሉ። ኤርፖርታችን ያለበት ሲታክ ከተማ በ2013 የሆነውን አስታውሱ። ሻንጣ የሚጭኑ፣ ዊልቸር የሚገፉ፣ አውሮፕላን ውስጥ የሚያጸዱ ሠራተኞች ስንት እንደሚከፈላቸው በአደባባይ ተናገሩ። ብዙዎቹ ከእኛው ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ነበሩ። የቅስቀሳው ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ዜጋ የሆነውን ለመራጭነት አስመዘገቡ። በሰዓት 15 ዶላር ይከፈል የሚለው ሐሳብ በ77 ድምፅ ብልጫ አለፈ። ሰባ ሰባት! እኛ ሰርግ ላይ አንድ ጥግ የማይሞላ ሰው ነው። «ኤርፖርቱን አይመለከትም» ተብሎ ክርክር ተነሣና የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በ5 ለ4 ለሠራተኞቹ ፈረደ።

ለነገሩ እኛ ለግልጽነት እንግዳ አይደለንም። ዕድር ላይ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ በስም ይነበብ የለም እንዴ? ማንም አይቀየምም። ደሞዝ ላይ ሲሆን ይሉኝታው ከየት እንደሚመጣ አይገባኝም፤ የሚጠቅመው አሠሪውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝቅተኛውን ክፍያ የሚወስነው የምትኖሩበት ሳይሆን የምትሠሩበት ከተማ ነው። በ2025 የስቴቱ 16.66 ዶላር ሲሆን የሲያትል 20.76 ነበር። ስለዚህ ኬንት እየኖራችሁ ሲያትል የምትሠሩ ከሆነ የሲያትሉ ይመለከታችኋል። ጎደለ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የሲያትል የሠራተኞች መብት ቢሮ ጋ ደውሉና የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን አይጠይቋችሁም። ከመደወላችሁ በፊት የቼካችሁን ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ፤ ከተቻለም የሥራ ጓደኛችሁን።