ለሳጥኑ የሚቆረጥ ትኬት

አንድ የኤ4 ወረቀት 5 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዓለም ሻምፒዮና የሚወዳደር የቤት ውስጥ ሞዴል አውሮፕላን ግን ያለ ላስቲኩ 1.4 ግራም ከሞላ ደንቡን አሟልቷል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 55 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሞተሩ የተጠመዘዘ ላስቲክ ነው፤ እሱም ከ0.4 ግራም መብለጥ የለበትም። በዚህች ቅንጣት ላስቲክ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቦታ ከተገኘ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንሳፈፋል። የሚያሸንፈው አየር ላይ ረጅም ጊዜ የቆየው ነው፣ በቃ። በአጠገቡ ሰው ፈጠን ብሎ ካለፈ የሚነሳው ነፋስ ያንገዳግደዋል። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ የሚራመዱት ሕፃን እንደተኛበት ቤት ቀስ ብለው ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ውድድር በብሔራዊ ደረጃ ሲዘጋጅ የሚመጣው ሰው ለምን ያንሳል?

የተለመደው መልስ ይታወቃል፦ የዛሬ ልጅ ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው። ሰነፍ መልስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሳይንስ ኦሊምፒያድ በሚባለው የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ በላስቲክ የሚበር አውሮፕላን መሥራት በየጊዜው ከውድድሮቹ አንዱ ሆኖ ይመጣል። ያን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ታዳጊዎች ባልሳ የሚባለውን ቀላል እንጨት ሲቆርጡና ሲያጣብቁ ያመሻሉ። የአዋቂዎቹ ብሔራዊ ሻምፒዮና ላይ ግን ከእነዚህ ልጆች የሚታዩት ጥቂት ናቸው፤ እዚያ የሚበዛው ሽበት ነው። ልጆቹ ፍቅሩን አልጣሉትም። የቀረው የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጣሪያ ነው። እንግሊዞች ካርዲንግተን በሚባል ቦታ፣ ለግዙፍ የአየር መርከቦች በተሠሩ መጠለያዎች ውስጥ ለዓመታት ሞዴሎቻቸውን አብርረዋል። እ.ኤ.አ. በ1930 ፈረንሳይ ውስጥ ወድቃ የተቃጠለችው አር101 የተሠራችው እዚያ ነው። በኋላ ፊልም ሠሪዎች መጡ፣ የባትማን ፊልም ተቀረጸበት። ከፊልም ኩባንያ ጋር ኪራይ የሚፎካከር የሞዴል ክበብ የት ይገኛል? ሮማኒያ በበኩሏ ስላኒክ ፕራሆቫ ላይ 208 ሜትር ከመሬት በታች የጨው ማዕድን አላት። ጣሪያው 54 ሜትር ከፍ ይላል፣ ነፋስ አይገባም። የዓለም ሻምፒዮና ደጋግሞ ወደዚያ የሚሄደው በሌላ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ባሌ እንምጣ። ስፖርቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ገና ሥር አልሰደደም፤ ግን ሞዴል አውሮፕላን የሚለውን አውጥታችሁ የፈጠራ ሥራ ወይም ሌላ የተማሪዎች ውድድር ብትተኩበት መንገዱ ያው ነው። ገሰራ ያለ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ሞዴል ሠራ እንበል። ውድድሩ አዲስ አበባ ነው። ከገሰራ ሮቤ፣ ከሮቤ በዶዶላና በአሰላ አዳማ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፤ ከሮቤ ወዲህ ያለው ብቻ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 1.4 ግራሟ አውሮፕላን የምትጓዘው ከእሷ በብዙ እጥፍ በሚከብድ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከጆንያ ጋር አይታሰርም። ሰው በተጨናነቀበትም ጭን ላይ አይያዝም። ረዳቱ ያየውና የአንድ ሰው ቦታ ይዟል ይላል፤ እውነቱን ነው። እንግዲህ ለልጁ፣ ለመምህሩና ለሳጥኑ ሦስት ትኬት፣ ደርሶ መልስ ስድስት። አልጋና ምግብ ገና አልተቆጠረም። ቤተሰቡ ስንዴውን ሳይሸጥ ውድድሩ ከደረሰ ደግሞ ነገሩ እዚያው አለቀ። (ትልቁ አውሮፕላን ሮቤ ላይ ያርፋል፤ ዋጋውን ግን ለገበሬ ልጅ መንገር ነውር ነው።)

ከዚያ የአዘጋጁ ሪፖርት ይወጣል፦ ተሳትፎው ዝቅተኛ ነበር፣ ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል። ግንዛቤ! ልጁ ግንዛቤ አልጎደለውም።

ችሎታም አይጎድልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ቤልግሬድ ላይ በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ኢትዮጵያ በ4 ወርቅ፣ በ3 ብርና በ2 ነሐስ የሜዳሊያ ሰንጠረዡን መርታለች፤ ያውም ሀገር ውስጥ ጣሪያ ያለው የመሮጫ መም ሳይኖራት። ሯጮቹ ግን ትኬት የሚቆርጥላቸው ማናጀር አላቸው። አውሮፕላን ለሚሠራ ልጅ ማናጀር የለም።

እርግጥ ባሌ ለዚህ ስፖርት የምታደላ ምድር አይደለችም። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለሯጭ ሳንባ የሚበጀው ስስ አየር ለክንፍ አይበጅም። አውሮፕላኑ ላለመውረድ ፈጠን ማለት አለበት፣ ላስቲኩም ቶሎ ይፈታል። ሮቤ ላይ የተመዘገበ ሰዓት የስላኒክን አይደርስበትም። ግን ማን ይድረስበት አለ? ሮቤ ላይ የበረረው ከሮቤ ጋር፣ የጎባው ከገሰራው ጋር ይወዳደር፤ የማጣሪያ ትርጉሙ ይኸው አይደል?

ጣሪያም አለ። የስንዴ ሀገር የእህል መጋዘን አያጣም። አዲሱ ምርት ከመግባቱ በፊት ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በሩ ከተዘጋ ነፋሱ ውጭ ይቀራል። የሚያስፈልገው መጥረጊያ፣ ሰዓት መያዣና አንድ ዳኛ ነው። ዳኛውን ከአዲስ አበባ ሮቤ ልኮ መመለስ ሁለት ትኬት ነው። ሃያ ልጅ ከነሳጥኑ አዲስ አበባ ወስዶ መመለስ፣ ሁለት መምህር ብቻ ቢከተላቸው እንኳ፣ 84።