ካንዴላው ከመጣሉ በፊት ይታይ

ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የሚሰማ ትእዛዝ አለ፤ «አራቱንም ካንዴላ ቀይርለት!» የቤንዚን ፒክአፑ ጠዋት አልነሳ ብሏል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል፤ ነዳጅም ይበላል። መካኒኩ አሮጌዎቹን ፈትቶ ይጥላል፤ አዲሶቹን ያስራል፤ መኪናው ይነሳል። ባለቤቱም ከፍሎ ይሄዳል። ከወር በኋላ ያው ችግር ይዞት ይመለሳል።

ጥፋቱ ካንዴላ መቀየሩ አይደለም፤ ካንዴላ አላቂ ዕቃ ነው። ጥፋቱ አሮጌውን ሳያዩ መጣሉ ነው። ሞተር ሳይፈታ ስለ ውስጡ የሚመሰክር ዕቃ ቢኖር ካንዴላ ነው።

ምስክርነቱን ማንበብ ደግሞ ከባድ አይደለም። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ያኔ አስቀድሞ የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው። በዘይት ከራሰ ዘይት ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው፤ የፒስተን ፋሻ አልቆ ሊሆን ይችላል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩን እዚያው ሲሊንደር ላይ መፈለግ ነው። ለዚህም ሲፈቱ በተራ መደርደር አለባቸው። ተደባልቆ ጣሳ ውስጥ የተጣለ ካንዴላ ከየት እንደወጣ አይታወቅም።

የአገሩ አቀማመጥም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛና ካንዴላውን ያጠቁራል። ለአዲስ አበባ የተስተካከለው ደግሞ ጭነት ይዞ ወደ አዋሽ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩም ይግላል። ይህንን አዲስ ካንዴላ አያስተካክለውም።

ጉዳዩ ዛሬ ከጋራዥ ወሬ ያለፈ ነው። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ከብዷል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ይወራል። ሽንኩርትና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው አሮጌ ፒክአፕ ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። በእሱ የሚተዳደር ቤተሰብ በግምት ለሚደረግ ጥገና የሚያወጣው ትርፍ ገንዘብ የለውም።

አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ አቧራ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ዙሪያው አስቀድሞ በአየር ይጽዳ። የጫፉ ክፍተት የመኪናው መመሪያ በሚያዘው ልክ ይሁን፤ ልዩነቱ በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚቆጠር ነው። አዲሱ ካንዴላ መጀመሪያ በእጅ ይግባ። ቀለበት ያለው ከሆነ በእጅ መዞር ካቆመ በኋላ በቁልፍ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል። በጉልበት የተጠመዘዘ ካንዴላ የአልሙኒየሙን ቴስታታ ጥርስ ይበላዋል፤ ያኔ ወጪው ከአራት ካንዴላ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ባለቤቱ መካኒክ መሆን የለበትም። ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት «ወንድሜ፣ እስቲ አሮጌዎቹን አሳየኝ፤ የትኛው ከየት ወጣ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በጥያቄው አይከፋም፤ እያሳየ ያስረዳዋል። መልስ የሌለው ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ቀጣዩን ጥገና የት እንደሚያሠራ ከወዲሁ ማሰብ ይጀምራል።