ቲነሩን በውሃ ፕላስቲክ የቀዳሁት እኔ ነኝ

ዛሬ የማካፍላችሁ ክሊኒክ ውስጥ ያየሁትን ሳይሆን በገዛ ቤቴ የደረሰውን ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ቤት ቀለም መቀባት እንደ ወጋችን ነውና እኔም ተረኛ ያልሆንኩበትን ቅዳሜና እሁድ ጠብቄ ጓደኞቼን ጠራሁ። ቅዳሜ ሳሎኑንና በሮቹን ልንቀባ፣ እሁድ ደግሞ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ልንሄድ ተስማማን። ዝናቡ አባርቷል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ጨዋታው ደርቷል።

ለበሮቹ የዘይት ቀለም ስለነበር ቲነር አስፈለገ። ለሥራ እንዲመቸኝ ጥቂቱን ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ቀድቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። "እንዲህ አታድርጉ" ብዬ ስንቱን ወላጅ መክሬያለሁ! ግን "ለአምስት ደቂቃ ነው" አልኩ።

ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ሲሯሯጥ የቆየው የጓደኛዬ የ4 ዓመት ልጅ ውሃ ጠማው። ማንንም አልጠየቀም። ውሃ የመሰለውን አነሳና ተጎነጨ። እኔ ዞር ያልኩት ሲያስለው ነው።

እናቱ እንዲያስመልሰው ጣቷን ወደ ጉሮሮው ስትሰድ እጇን ያዝኩት። ሌላዋ ጓደኛችን "ወተት ስጡት!" ብላ ወደ ፍሪጅ ሮጠች። "ተዪው፣ ምንም አትስጡት!" ብዬ ጮህኩ። እናቱ ያኔ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ልጇን እንዳትረዳው የከለከልኳት ነው የመሰላት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ቲነር፣ ላምባና ቤንዚን በጣም ቀጫጭን ፈሳሾች ናቸው። ዋናው አደጋቸው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ትንሽም ብትሆን ወደ ሳንባ ስትገባ ነው፤ ሳንባው ይቆጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ልጁን ስናስመልሰው ፈሳሹ በጉሮሮው ዳግም ስለሚያልፍ ወደ ሳንባ የሚገባበትን ሁለተኛ ዕድል እንሰጠዋለን። ወተትም መርዙን አያረክሰውም፤ ይልቁንም ሊያስመልሰው ይችላል።

ቲነር የነካውን ልብሱን አውልቀን፣ ቆዳውን በውሃና በሳሙና አጥበን፣ ፕላስቲኩንም ይዘን በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ደረቱ ተዳመጠ፣ ኦክስጅኑ ተለካ፣ እስከ ምሽት 12 ሰዓት ክትትል ተደረገለት። እነዚያን ሰዓታት እንደ ሀኪም ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን ስቆጥር ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሳሉ ቆመ፤ በሰላም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እሁድ ወንዶ ገነት ቀረ። ምልክት ቢታይበት ከሆስፒታል እንዳንርቅ ብለን ልጁን ይዘን አሞራ ገደል ወረድን። እሱ አባ ኮዳዎቹ ለዓሳ ሲሻሙ እያየ ይስቃል፤ እናቱና እኔ ደግሞ የዓሳ ሾርባችን እስኪቀዘቅዝ እሱን እናያለን። "ይቅር በይኝ" አልኳት። "ለሌሎቹ እናቶች ንገሪልኝ" አለችኝ። ይኸው ነገርኩ።

ወላጆች፣ እነዚህን ያዙልኝ፦

1. ቲነር፣ ላምባ፣ በረኪናም ሆነ የተባይ መድኃኒት በውሃም ሆነ በለስላሳ ጠርሙስ በፍጹም አትቅዱ። በራሱ ዕቃ፣ ተከድኖ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

2. ልጁ ከጠጣ አታስመልሱት፤ ወተትም ሆነ ዘይት አትስጡት።

3. ደህና ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት። የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

4. ቤት ከተመለሰ በኋላ ሳል፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ትኩሳት ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካያችሁ ሳትዘገዩ መልሱት።

ከበዓሉ በፊት ቤት ለምታሳምሩ ሁሉ ሼር አድርጉላቸው።